ጫማዎን ሳያደርጉ አይወጡም

ኤምባሲ ሲባል ትልቅ ግቢና ጥቁር መኪና የሚታየው ሰው ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አልታየሽ የምትሠራበት ኤምባሲ ሎንዶን ውስጥ፣ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጀርባ፣ በልብስ ንጽሕና ቤትና በጫማ አዳሽ መሃል የተሰነቀረ ቀጭን ፎቅ ነበር። ታች ቢሮ፣ ላይ የአምባሳደሩ መኖሪያ፣ ከኋላ ደግሞ ጓሮ ከተባለ አንድ በርሜልና ሁለት ሰው የሚያቆም ጓሮ አለው። አገሪቱም ያው እንደ ቤቷ ናት። ስሟን ልተወው፤ ብነግራችሁም ካርታው ላይ ጣታችሁ ይሸፍናታል።

አልታየሽ በዚያ ቤት ታበስላለች፣ ታጸዳለች፣ ሲብስም ስልክ ታነሳለች። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ከኤድመንተን፣ በአውቶቡስና በባቡር እየተጋፋች ትመጣለች። ይህ የምነግራችሁ በ1987 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ዝናባም ቅዳሜ የሆነ ነው። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ስትገባ ጋሽ ተስፎም ሬዲዮኑን ጆሯቸው ሥር ለጥፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ ተስፎም የኤምባሲው ሾፌር ናቸው፤ የአስመራ ሰው፣ ካቶሊክ፣ አማርኛውን ከስንቱ አዲስ አበቤ አሳምረው የሚናገሩ፣ ጡረታ ይውጡ ሲባሉ «መኪናው ይቅደም» የሚሉ ሽማግሌ።

«በቃ፣ የእኛዎቹ ወረዱ» አሏት። «አዲሱ ፕሬዚዳንት ትናንት ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ አሮጌው አጠገቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ይህንንም ቤት ዛሬ ረፋዱ ላይ መጥተው ይረከባሉ።»

«ማን ነው የሚረከበው?»

«ያ የዓርቡ ሰውዬ ነዋ። ባለቀይ ኮፍያው» አሉ እየሳቁ።

የአልታየሽ ልብ ስንጥቅ አለ። ምርጫው ከተደረገ ሰንብቷል፤ መሸነፋቸውንም ሰምታለች። ግን ተሸነፍኩ ብሎ ወንበር የሚለቅ መንግሥት በዓይኗ አይታ ስለማታውቅ ነገሩን ከወሬ አልቆጠረችውም ነበር። አሁን ቀኑ ደረሰ፤ ያውም በዚያ ሰውዬ እጅ!

ባለቀይ ኮፍያው ፍራንሲስ ይባላል። አገሩ ሲታሰር ሲፈታ ኖሮ ሎንዶን የተሰደደ የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው ነው። ለዓመታት በየዓርቡ፣ ዝናብ ይሁን በረዶ፣ ተከታዮቹን አሰልፎ መስኮቱ ሥር ይቆምና በድምፅ ማጉያ «ጆሴፍ ሌባ! ጆሴፍ ውረድ!» ይላል። ጆሴፍ አምባሳደሩ ናቸው። እሳቸው ደግሞ፣ የዋህ ልበላቸው ወይስ ቂል፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ያዩና «አልታየሽ፣ ብርድ ነው፤ ሻይ አውጪላቸው» ይላሉ። አልታየሽ ሻዩን ታወጣለች። ስኳር ግን አትጨምርበትም። ለጌታዋ ጠላት ስኳር? ምን ቆርጧት!

«ጋሽ ተስፎም፣ እርስዎ ይስቃሉ? ይገድሏቸዋል እኮ!»

«ማን ማንን ይገድላል? ወረቀት ነው አልታየሽ። እኔ ካቻምና ሚያዝያ ለሪፈረንደሙ እዚሁ ሎንዶን ከረባቴን አስሬ፣ ተሰልፌ፣ ወረቀቴን ከትቼ ነው የመጣሁት። ስንት ዓመት በጥይት ያልተጨረሰ ነገር በወረቀት አለቀ። ማንም አፍንጫው አልደማም።»

«እሱንማ ትታችሁን ሄዳችሁ» አለቻቸው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ነገር እየተጎነታተሉ ግማሽ ቀን ይስቁበት ነበር። ዛሬ ሳቁ ከየት ይምጣ። ጋሽ ተስፎምም መኪናው ለአዲሱ ሰው ቆሽሾ አይጠብቀውም ብለው ሊያሳጥቡ ወጡ። አልታየሽ ከኋላቸው «አይ የሰው ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ አላዘኑላቸው!» አለች።

ምን ይፈረድባታል? መንግሥት ሲለወጥ ያየችው አንዴ ነው፤ አንዱም በቅቷታል። ባሏ ሳህሉ የአንድ ምክትል ሚኒስትር ጸሐፊ ነበር፤ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ዝንብ ያልነካ ሰው። ንጉሡ በወረዱ በወራቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሁለት ወታደሮችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው በሩን አንኳኩ። ጨዋዎች ነበሩ፤ «እንደምን አደራችሁ» ብለው ነው የገቡት። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የምንጠይቀው ነገር አለ፤ አሁን ይመለሳል» አሉ። ሳህሉ ነጠላ ጫማ አድርጓል። «ኧረ ጫማህን» ብትለው «ለአምስት ደቂቃ?» ብሎ ሳቀባትና ወጣ።

ወጣ፤ ቀረ። አልታየሽ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች። ጫማውንም ከስንቁ ጋር ይዛ ትሄዳለች፤ ምግቡን ይቀበሏትና ጫማውን ይመልሱላታል። አንድ ቀን ምግቡንም መለሱና «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አሏት። መርዶው ይኸው ነው፤ ሌላ አልነበረውም። ማልቀስም አይቻልም፤ ድንኳን የጣለ፣ ጥቁር የለበሰ ሁሉ ይጠየቃል። አልታየሽ አላለቀሰችም። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አላለቀሰችም።

እና አሁን፣ አምባሳደር ጆሴፍ ፎቅ ላይ ሆነው በስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰማታል። እኚህ ሰው ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው የራቁባቸው፣ እሷ የመኖሪያ ወረቀት አጥታ ስትንከራተት «እኔ ዋስ ነኝ» ብለው የቆሙላት ሰው ናቸው። ሁለተኛ እጄን አጣጥፌ አላይም አለች። አላይም!

መጀመሪያ የውጪውን በር ቆለፈች፤ ሰንሰለቱን ደረበች፤ ቁልፉን ጉያዋ ከተተች። ቀጥላ ወደ ማቃጠሉ ሄደች። ይህን ሙያ ማንም አላስተማራትም፤ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሰው የሚወደውን መጽሐፍና ፎቶግራፍ ሳይቀር በገዛ እጁ እሳት ውስጥ ይከት ነበር፤ ካልተገኘበት ይተርፍ ይሆናል ብሎ። ከቢሮው ግድግዳ የአሮጌውን ፕሬዚዳንት ምስል አወረደች። ፊታቸው ያለበትን የቀን መቁጠሪያ፣ የፓርቲያቸውን የቅስቀሳ ወረቀት በየካርቶኑ፣ የፓርቲውን ቀለም የያዘ ሻሽ፣ ሁሉንም እየተሸከመች ጓሮ ወሰደችና ቅጠል የሚቃጠልበት በርሜል ውስጥ ከተተች። ዘይት ደፋችበት። ክብሪት ጫረች። የወረቀቱ መዓት፣ የሻሹ ናይለን፣ ከዝናቡ እርጥበት ጋር ተደምሮ ጭሱ ጥቁር ሆኖ ከጣሪያው በላይ ወጣ።

የአምባሳደሩን ጥቁር ጫማ አንስታ ወደ ፎቅ ሮጠች። እሳቸው ስልኩን ይዘው ቆመዋል፤ ቅዳሜ ስለሆነ ነጠላ ጫማ አድርገዋል። አልታየሽ ያን ስታይ ጥቁሩን ጫማ ወደ እሳቸው ዘረጋች።

«ሰር፣ ጫማዎን ያድርጉ! በጓሮ በር በገበያው እንውጣ። ኤድመንተን እኔ ቤት ማንም አያገኝዎትም፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠኝ አፓርታማ ትርፍ ክፍል አለው።» እንግሊዝኛ አንቱ የለውም ይባላል፤ በአልታየሽ አፍ ግን ነበረው።

አምባሳደሩ ስልኩን በመዳፋቸው ከደኑና «ከዋና ከተማችን ነው፤ ልጨርስ» ብለው በዓይናቸው ለመኗት። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ደብዳቤ የሚገባበትን የበሩን ቀዳዳ ገለጥ አድርጋ ስታይ ቀይ ኮፍያ ታያት። ከኋላው የአገሩ ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው መንገዱን ሞልተውታል። ካሜራ የያዘም አለ።

«ሻይ አምጪያችን! ክፈቺልን እንጂ፣ ዘነበብን» አለ ፍራንሲስ።

«አምባሳደሩ የሉም!»

«የሉም? ቅድም በስልክ ተነጋግረን?»

«ሄደዋል! ሩቅ ሄደዋል! አይመጡም!»

ፍራንሲስ ወደ ፎቁ መስኮት አንጋጠጠ። ከኋላው አንዲት ሴት ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀስራ ጮኸች። «ጭስ! እዩት፣ ጭስ! ሰነድ እያቃጠሉ ነው!» ሕዝቡ አንድ ጊዜ ጉምጉም አለ፤ ከዚያ ጉምጉምታው ጩኸት ሆነ። የካሜራው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። «አንለቅም ብለዋል! በሩን ቆልፈዋል!» የሚል ተነሣ። በሩ በቡጢ ይደለቅ ጀመር፤ ቡጢው እየበዛ ሄደ፤ ሰንሰለቱ ተንቀጠቀጠ። አልታየሽ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። እያንዳንዱ ምት አጥንቷ ድረስ ይሰማታል።

«ጆሴፍ!» የፍራንሲስ ድምፅ ተለውጧል። «ምን እየሠራህ ነው? እኔና አንተ ቃል አልተገባባንም? ይህን ላገር ቤት ምን ብዬ ልንገራቸው?»

አምባሳደሩ በነጠላ ጫማቸው እየተጣደፉ ወረዱ። የጓሮውን ጭስ በመስኮት አዩ። የባዶውን ግድግዳ ምስማር አዩ። አልታየሽን አዩ።

«ምንድን ነው ያቃጠልሽው?»

«የሚያስይዝዎትን ሁሉ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ቁልፉን ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«አልታየሽ፣ ስሚኝ። አገሬ ውስጥ እስካሁን ተሸንፎ የወረደ መንግሥት የለም፤ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ወታደሩ ሰፈሩ ቁጭ ብሎ ሰበብ እየጠበቀ ነው። በሎንዶን ኤምባሲው በሩን ቆልፎ ሰነድ እያቃጠለ ነው የሚል ወሬ ከማታ በፊት እዚያ ከደረሰ፣ ከእነዚህም ከእነዚያም ሰው ይሞታል። ይህ በር አሁን መከፈት አለበት።»

«ሰው ይሞታል አይደል የሚሉኝ? እኔም እሱን ነው የምልዎት! ባሌን እኮ ለአምስት ደቂቃ ብለው ነው የወሰዱት!»

በዚያ ቤት ሰባት ዓመት ስትሠራ ባሏን በአፏ አንሥታ አታውቅም። አሁን በሩ ከኋላዋ እየተደለቀ፣ እንግሊዝኛዋ እየተሰባበረ፣ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ እሑዱን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ስንቁን፣ የተመለሰውን ጫማ። አምባሳደሩ አላቋረጧትም። የሚቸኩል ሰው ነበሩ፤ ግን አላቋረጧትም። ስትጨርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ጫማውን አምጪው።»

አልታየሽ ሰጠቻቸው። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ተዉት፤ ጥቁሩን ጫማ አጠለቁ። በጥድፊያው ማሰሪያው እምቢ አላቸው። አልታየሽ ተንበረከከችና አንዱን እሷ አሰረችላቸው፣ ጥብቅ አድርጋ።

«አሁንስ?» አሉ።

«እኔ ነኝ የምከፍተው» አለች። ቁልፉን ከጉያዋ አወጣች፣ ሰንሰለቱን ፈታች፣ በሩን ከፈተችና ሁለት እጇን ዘርግታ ፊታቸው ቆመች።

ቡጢው አየር ላይ ቀረ። ፍራንሲስ ኮፍያውን አወለቀ፤ ራሰ በራ ነው፣ አናቱ ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ከአልታየሽ ትከሻ በላይ አምባሳደሩን አያቸው። ማንም አልሳቀም።

«ምንድን ነው የተቃጠለው?» አለ።

«እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግባና አብረን እንየው» አሉ አምባሳደሩ።

ፍራንሲስ ካሜራ የያዘውን ሰው አስከትሎ ጓሮ ወጣ። እንጨት አንሥቶ በርሜሉን ቆሰቆሰ። ቆሰቆሰ፣ ገለበጠ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱን በእንጨቱ ጫፍ አወጣው፤ የአሮጌው ፕሬዚዳንት ግማሽ ፊትና አንድ ዓይን።

«እኔ ነኝ!» አለች አልታየሽ። «እሳቸው አያውቁም፤ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። የምትወስዱት ካለ እኔን ውሰዱ።»

ፍራንሲስ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ የጓሮውን ዘይት አየ። መጀመሪያ ትከሻው ነው የተንቀጠቀጠው። «የቅስቀሳ ወረቀት!» አለ። «እኔ እኮ ይህን ወረቀት ስንት ዓመት ሳቃጥል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንታሰር የነበረው ለዚህ ነው። ጆሴፍ፣ የገዛ ወጥ ቤትህ የእኛ ፓርቲ ሆናለች አትልም?» የተቃጠለውን ምስል በእንጨት ሰቅሎ ወደ መንገዱ ወጣና ለሕዝቡ አሳየው። ያቺ «ጭስ!» ብላ የጮኸችው ሴት ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ መንገዱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አልታየሽ ግን አልሳቀችም። እሷን እንዲህ በሳቅ አታታልሏትም፤ እነዚያም ጨዋዎች ነበሩ።

ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑም። ሁለቱ ሰዎች ቤቱን እየዞሩ ተረካከቡ። አምባሳደሩ «ይህ መስኮት ሲዘንብ ያስገባል፤ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር ካጉረመረመ በእግርህ መታ አድርገው» ይላሉ፤ ፍራንሲስ ራሱን ይነቀንቃል። ማኅተሙን ተቀበለ፣ ፈረመ። መንግሥት የተለወጠው እንዲህ ነው፤ ስለ ቦይለር እያወሩ። አልታየሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ስትሰማ ተናደደች። እንዲህ ከተቻለ ለምን? ለምን እንዲህ አይደረግም ነበር?

ፍራንሲስ ሰዓቱን አየና አምባሳደሩን በክንዳቸው ያዛቸው። «ጆሴፍ፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን። አሁን ትመለሳለህ።»

አልታየሽ ያጸዳችው ሳህን ከእጇ ወደቀ።

«ገበያው ማዶ ካለው አዳራሽ ነው» አሏት አምባሳደሩ ዞር ብለው፤ ፊቷን አይተዋል። «የአገሬ ሰዎች እኔና እሱን ጎን ለጎን ቆመን ማየት ይፈልጋሉ። እመለሳለሁ አልታየሽ። ጫማ አድርጌያለሁ እኮ።» ወጡ። ቀዩ ኮፍያ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ሕዝቡ ዙሪያቸውን ከብቦ ገበያው ዋጣቸው።

ጋሽ ተስፎም መኪናውን አሳጥበው ሲመለሱ አልታየሽን ደጃፉ ላይ አገኟት፤ ደረጃው ላይ የቀረውን ነጠላ ጫማ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፤ ዝናቡ ይወርድባታል።

«ወሰዷቸው» አለቻቸው።

«ወዴት?»

«ለአምስት ደቂቃ ብለው።»

ጋሽ ተስፎም ሊስቁ ነበር፤ ፊቷን አይተው ተዉት። አምስት ደቂቃው አለፈ፤ እጥፉም አለፈ። ጫማ አዳሹ ለምሳ ዘጋ። ከገበያው በኩል ከባድ ጩኸት ተሰማ፤ የደስታ ይሁን የሌላ አይለይም። ጋሽ ተስፎም አንዴ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቆይተው ደግመው አዩ። «ስብሰባ ነው፣ ይረዝማል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

«ጋሽ ተስፎም፣ በማርያም፣ ሄደው ይዩልኝ!»

«አንቺን ትቼ?» እጇን ያዟት። እጇ እንደ ብረት ቀዝቅዟል።

ከዚያ ከመንገዱ መታጠፊያ አንድ ጃንጥላ ብቅ አለ። ከሥሩ ሁለት ሰዎች እየተጋፉ ይመጣሉ፤ አንዱ ባለቀይ ኮፍያ ነው። ስለ እግር ኳስ እየተጨቃጨቁ ነው፤ የአገራቸው ቡድን የዛሬ ስንት ዓመት ያገባው ጎል ሕጋዊ ነው አይደለም እየተባባሉ።

«ይቅርታ አልታየሽ» አሉ አምባሳደሩ እግራቸውን ምንጣፉ ላይ እየጠረጉ። «ይህ ሰው ንግግር ከጀመረ ማቆም አያውቅም።»

አልታየሽ ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማውን እግራቸው ሥር አኖረችላቸው። አምባሳደሩ ጭቃ የነካውን ጥቁር ጫማ አወለቁና ነጠላውን አደረጉ። ጥቁሩን ጫማ አነሣችው፤ ርጥብ ነው፣ ውስጡ ገና ይሞቃል። እያየችው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ሳህሉዬ!» አለች። «ሳህሉዬ፣ እንዲህ ተመልሰህ ትመጣልኝ አልነበር!»

አለቀሰች። ጫማውን ታቅፋ፣ ደረቷን እየመታች፣ ድምፁ ከገበያው ድረስ እስኪሰማ፣ ያኔ በተከለከለችበት ልክ አለቀሰች።

ፍራንሲስ ደነገጠ። «ምን ሆነች? ሰው ሞቶባት ነው?»

«ባሏ» አሉ ጋሽ ተስፎም።

«መቼ?»

«ቆይቷል። ለቅሶው ግን ዛሬ ነው።» ጋሽ ተስፎም ባርኔጣቸውን አወለቁና አጠገቧ ተቀመጡ። አምባሳደሩም ሳይጠሩ ዝቅ ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ፍራንሲስ የሚያደርገው ጠፍቶት ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቆየና ሻይ ላፍላ ብሎ ወጥ ቤት ገባ። ቁም ሣጥኑን ሲከፍት ሲዘጋ፣ ሲከፍት ሲዘጋ ይሰማል።

«ስኳሩ የት ነው?» አለ በመጨረሻ ራሱን ብቅ አድርጎ፣ አፍሮ።

«ከዱቄቱ ጀርባ ነው» አለችው አልታየሽ እያለቀሰች።